ዋስ በገንዘብ ሲገዛ

‹‹ሐሳብ አለህ? እንግዲያውስ ካናዳ ትጠብቅሃለች!››

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ይህን የመሰለ ማስታወቂያ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ያላየ የከተማ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። ከበስተኋላ ቀይ ቅጠል ያለበት ባንዲራ፣ ከፊት ላፕቶፕ የታቀፈ ሳቂታ ወጣት፣ ከግርጌ ስልክ ቁጥር። ድሮ ‹‹ስኮላርሺፕ›› ይሉን ነበር። ቀጥሎ ‹‹የሥራ ቪዛ›› አሉን። አሁን ማዕረጋችን ከፍ ብሎ ‹‹መሥራች›› ሆነናል። የምን መሥራች? የስታርትአፕ መሥራች! ምን መሠረትክ፣ ለማን ሸጥክ፣ ማን ገዛህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዋናው ‹‹ፓኬጁን›› መክፈልህ ነው።

አንድ የማውቀው ልጅ አዲስ አበባ ከእነዚህ ቢሮዎች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ነበር። ሐሳብ ነበረው፤ በወረቀት ጽፎም ይዞታል። ‹‹አማካሪ ነኝ›› ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ሳይገልጥ ወደ ጎን አደረገና ‹‹ሐሳቡን ተወው፣ ሐሳብ እኛ ጋ ሞልቷል፤ አንተ ክፍያውን አስብ›› አለው። እስቲ ይታያችሁ! ‹‹የመሥራች ቪዛ›› ተብሎ የመሥራቹ ሐሳብ የማይፈለግበት ንግድ ምን ዓይነት ንግድ ነው?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የመሥራች ቪዛ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ደግ ሐሳብ ነው። ያበላሹት ግን በፈረንጅ ጋዜጦች እንደምናነበው ‹‹ከድሃ አገር የመጡ አጭበርባሪዎች›› ብቻ አይደሉም። ያበላሸው የዋስነት ሽያጭ ነው። ዋስ የሚሆነው አካል ዋስ ከሚሆንለት ሰው ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ፣ ውሸቱ የአመልካቹ አመል መሆኑ ቀርቶ የሥርዓቱ አመል ይሆናል። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ እውነተኛ ሥራ ያለው፣ ነገር ግን ገንዘብም ወገንም የሌለው ልጅ ነው።

ለመሆኑ ይህ ቪዛ ምንድን ነው?

ወደ ሰው አገር ሊኖር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠሪ አለው። ሠራተኛን ቀጣሪው ይጠራዋል፣ ተማሪን ዩኒቨርሲቲው፣ ሚስትን ባሏ። መሥራች ግን ጠሪ የለውም፤ ቀጣሪው ራሱ ነውና። ገና ያልተወለደ ኩባንያ ይዞ ነው በር የሚያንኳኳው። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ደግሞ ፓስፖርት መመርመር እንጂ ገበያ መመርመር ሥራው አይደለም። ስለዚህ መንግሥታቱ ‹‹ይህ ሰው እውነቱን ነው፤ ሥራውም ያዛልቃል›› ብሎ የሚቆምለት ሦስተኛ ወገን ፈለጉ። በእኛ ቋንቋ፦ ዋስ።

ካናዳ ይህን ቪዛ እ.ኤ.አ. በ2013 በሙከራ ጀመረችና በ2018 ቋሚ አደረገችው። ዋስ የሚሆኑት መንግሥት የሰየማቸው ሦስት ዓይነት ተቋማት ነበሩ። ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ቢያንስ 200 ሺህ የካናዳ ዶላር በኩባንያው ላይ ማፍሰስ ነበረበት። ‹‹ኤንጀል›› የሚባሉት ባለሀብቶች ቢያንስ 75 ሺህ። ሦስተኛው ኢንኩቤተር ነው፤ ጀማሪውን ኩባንያ እንደ ጫጩት አቅፎ ያሳድጋል የተባለው። ይህኛው ሰባራ ሳንቲም እንዲያወጣ አይጠየቅም። ‹‹ተቀብዬዋለሁ›› የሚል ደብዳቤ ከጻፈ በቂ ነው። በአንድ ኩባንያ ስም እስከ አምስት መሥራቾች ከነቤተሰባቸው ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችሉ ነበር። ኩባንያው በኋላ ቢከስርም መኖሪያ ፈቃዱ አይነጠቅም።

እዚህች የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ነው።

ጀማሪ ኩባንያ ይከስራል። አብዛኛው ይከስራል። ይህ ውርደትም ወንጀልም አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው። ታዲያ የከሰረውን ሁሉ ‹‹አጭበርብረሃል፣ ውጣ!›› ብትለው እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም አንድ ላይ አባረርክ ማለት ነው። ካናዳ መኖሪያውን ያለመንጠቋ ትክክል ነበረች። ግን አንድምታውን ተመልከቱ። ከደረሱ በኋላ ማጣራት ካልተቻለ፣ ማጣሪያው በሙሉ ከመነሻው ላይ፣ ማለትም በዋሱ ላይ ወደቀ ማለት ነው። የቪዛው ዋጋ የዋሱን ያህል ነው። ዋሱ ሰው ከሆነ ቪዛው ቪዛ ነው፤ ዋሱ ነጋዴ ከሆነ ቪዛው ዕቃ ነው።

ዋስ ማለት አማኑኤል ላይ

አማኑኤልን የማታውቁ የአዲስ አበባ ልጆች አትኖሩም ብዬ አላምንም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ፣ ደምበጫ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት የማቻክል ወረዳ ከተማ ናት። (የሆስፒታሉን አማኑኤል ያሰባችሁ ፈገግ በሉና እንቀጥል።) እዚያ ላደገ ሰው ‹‹ዋስ›› የሕግ መጽሐፍ ቃል አይደለም። አንድ ሰው ሲታሰር፣ በሬ በዱቤ ሲገዛ፣ ቤት ሲከራይ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹‹ዋስህ ማነው?›› ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው የሚያውቅህ ነው። አባትህን ያውቃል፣ አመልህን ያውቃል፣ ባለፈው ዓመት የተበደርከውን እህል መመለስህንም ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን አንተ ከጠፋህ እሱ ይከፍላል። ዋስነቱን ዋስነት የሚያደርገው ይህ ነው፦ መጥፎ ምስክርነት ዋሱን ራሱን ያስከፍለዋል።

ዘመናዊ ምሳሌ የምትፈልጉ ካላችሁ አብቁተን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ማለቴ ነው። መሬቷን የማትሸጥ የማትለውጥ የገጠር ሴት፣ ለባንክ የምታስይዘው ቤት የሌላት ጠላ ጠማቂ፣ እንዴት ተበደረች? በቡድን ዋስትና። ጎረቤታሞች ይቧደናሉ፤ አንዷ ሳትከፍል ብትቀር ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ሰነፏንና ቀጣፊዋን ከመነሻው ወደ ቡድኑ አያስገቧትም። ማንም የባንክ መኮንን ሊያጣራው የማይችለውን ነገር ጎረቤት አጣራው። ለምን? ጎረቤቷ ከእሷ ገንዘብ ስለምትቀበል ሳይሆን፣ በእሷ ምክንያት ገንዘብ ልታጣ ስለምትችል።

እንግዲህ ከማቻክል ወደ ቶሮንቶ እንመለስ። ለጥቂት ሺህ ብር ብድር እትዬ እገሊት ንብረቷን ለአደጋ አጋልጣ ዋስ ትሆናለች። ለካናዳ ቋሚ መኖሪያ ግን ዋሱ ምንም አያጣም፤ ጭራሽ ይከፈለዋል! አንዳንዶቹ ኢንኩቤተሮች ከአመልካቹ ዳጎስ ያለ ‹‹የፕሮግራም ክፍያ›› እየተቀበሉ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። በመሐል ደላላ አለ፣ ከደላላው ጀርባ ሌላ ደላላ አለ። አምስት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ኩባንያ ስም ‹‹አብረን መሠረትን›› ብለው እንዲገቡ በር የሚከፍት ሕግም ከፊታቸው አለ። እንቁላሉን ሳያይ የሚታቀፍ ዶሮ ጫጩት ሳይሆን ክፍያ እየፈለፈለ መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

ውጤቱስ? ማመልከቻው ተቆለለ። እውነተኞቹም ሐሰተኞቹም በአንድ ሰልፍ ዓመታት ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የካናዳ መንግሥት እያንዳንዱ ተቋም በዓመት ከ10 በላይ ኩባንያ እንዳያቀርብ ገደበ፤ የካናዳ ካፒታል ለፈሰሰባቸው ማመልከቻዎችም ቅድሚያ ሰጠ። ልብ በሉ፦ ገንዘቡን አደጋ ላይ የጣለ ዋስ ምስክርነቱ ይበልጥ ይታመናል ማለቱ ነው። ግን ረፍዷል። በ2025 መጨረሻ አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን አቆመ። በሩ ተዘጋ። ደብዳቤ የሸጡት ተቋማት ገንዘባቸውን ተቀብለዋል፤ ደላሎቹም ተቀብለዋል። በር ላይ የቀረው ሐሳብ ያለው ልጅ ነው።

የወረቀት ሙሽራ፣ የወረቀት ኩባንያ

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይተነዋል። ዲቪ በደመቀበት ዘመን ሎተሪ የደረሰው ልጅ ለቲኬትና ለሕክምና ምርመራ የሚከፍለው ያጣል። አንድ ‹‹ስፖንሰር›› ከተፍ ይላል፦ ‹‹ወጪህን ልሸፍን፣ ልጄን አግባት››። ሰርጉ ይደገሳል፣ ፎቶው ይነሳል፣ ቬሎው ይከራያል፤ ሙሽሮቹ ግን የሚገናኙት ለፎቶና ለኢንተርቪው ነው። የወረቀት ጋብቻ አልነው። ስቀን አለፍነው።

የሳቅነው ግን በማን ላይ ነበር? ከዚያ በኋላ በእውነት ተዋደው የተጋቡ ባልና ሚስት ኤምባሲ ሲገቡ ሌባ ሆነው ነው የሚጠየቁት። ዲቪ ከደረሰህ በኋላ አግብተሃል? እንግዲያውስ ጥርጣሬው ካንተ ጋር ነው፤ ተከራከር። የሐሰተኞቹን ዕዳ እውነተኞቹ ከፈሉ።

የወረቀት ኩባንያም እንደዚያው ነው። ዌብሳይት ይሠራለታል፣ ሎጎ ይሣልለታል፣ አምስት ሠራተኛ ያለው የሚመስል ፎቶ ይለጠፍለታል። ለኢንተርቪው የሚሆን ‹‹ፒች›› ይሸመደዳል። ባንክ ሂሳብ ውስጥ ለጥቂት ቀን የሚያድር የሰው ገንዘብ ይገባና ስቴትመንት ከወጣ በኋላ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ቪዛው ሲገኝ ኩባንያው ይሞታል፤ ቀብሩ ላይ የሚያለቅስ የለም። ቬሎው ተመለሰ ማለት ነው።

ይህ የድሃ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሥራ ፈጣሪዎች ቪዛ ስትከፍት የጠየቀችው ዋስ ሳይሆን ገንዘብ ነበር፦ 200 ሺህ ፓውንድ። በሚያዝያ 2012 ተመራቂ ተማሪዎች ሥራ እየፈለጉ የሚቆዩበትን ቪዛ ዘጋች። ለእነዚሁ ተመራቂዎች ግን በ50 ሺህ ፓውንድ ‹‹ሥራ ፈጣሪ›› የሚሆኑበት በር ክፍት ነበር። ምን ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ተመራቂው ሁሉ በአንድ ሌሊት ሥራ ፈጣሪ ሆነ! በጥር 2013 መንግሥት ‹‹እውነተኛ ነህ ወይ?›› የሚል ፈተና ለመጨመር ተገደደ። ያ ቪዛ በ2019 ተዘግቶ በሌላ ተተካ፤ በ2023 ደግሞ እንደገና ተለወጠ። አሁን ያለው የግድ የ50 ሺህ ፓውንድ ካፒታል አይጠይቅም፤ የተሰየመ ተቋም ድጋፍ ይጠይቃል። ሲለወጥ የድጋፍ ክፍያው 1 ሺህ ፓውንድ፣ በኋላ ለሚደረገው እያንዳንዱ ክትትል 500 ፓውንድ ተብሎ ተተመነ። አመልካቹ አሁንም ለዋሱ ይከፍላል፤ ቢያንስ ግን ዋጋው በአደባባይ ተለጥፏል። ደላላ ‹‹ለድጋፉ አሥር ሺህ›› ቢልህ ውሸታም መሆኑን ታውቃለህ ማለት ነው።

አሜሪካ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች። በጥር 2017 ያወጣችው የሥራ ፈጣሪዎች ደንብ (ቪዛ እንኳ አይደለም፣ ጊዜያዊ መግቢያ ነው) ሲጀመር ብቁ ከሆነ አሜሪካዊ ባለሀብት ቢያንስ 250 ሺህ ዶላር ያገኘ ኩባንያ ይፈልግ ነበር። ባለሀብቱም ዝም ብሎ ማንም አይደለም። ባለፉት አምስት ዓመታት በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ ቢያንስ 600 ሺህ ዶላር ያፈሰሰ፣ ከእነዚያም ቢያንስ ሁለቱ ያደጉለት መሆን ነበረበት። የመሥራቹ የራሱ፣ የወላጆቹ ወይም የወንድሙ ገንዘብ አይቆጠርም። እንደ ዋስነት ካየነው ይህ ትክክለኛው ዋስ ነው፤ ከተሳሳተ የሚከስረው እሱ ነው። ግን ማን ያገኘዋል? ካሊፎርኒያ ያለ ባለሀብት ማቻክል ያለውን ልጅ ከየት ያውቀዋል? በዚያ ላይ ደንቡ ገና በወጣበት ዓመት ታገደ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመለሰ፣ በ2018 ይሰረዝ ተባለ፣ በ2021 ስረዛው ቀረ። በእንዲህ ዓይነት በር ለመግባት መጀመሪያ ልብ ያስፈልጋል።

ማጭበርበሩ ከአመልካቹ ወገን ብቻ ይመጣል ለሚሉ ደግሞ አንድ ታሪክ ልጨምር። እዚያው አሜሪካ፣ ገንዘብ ላፈሰሰ መኖሪያ የሚሰጥ ኢቢ-5 የሚባል የቪዛ ዓይነት አለ። በቬርሞንት ግዛት ጄይ ፒክ በሚባል የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ስም ከ74 አገሮች ሰዎች ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ባለቤቱን አሪኤል ኪሮስንና ሥራ አስኪያጁን ቢል ስቴንገርን ከሰሰ፤ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ መዋሉ ታወቀ፤ ኪሮስ በ2022 የአምስት ዓመት እስር ተፈረደበት። እዚህ ላይ አጭበርባሪው ማነው? ተጭበርባሪውስ? ስደተኛው ገንዘቡን ከፍሎ መኖሪያውን ሲጠብቅ ተዘረፈ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ዕዳው የማን ነው?

አሁን ያን ሐሳብ ያለውን ልጅ አስቡት። ስም አልሰጠውም፤ እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸውና። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ አማኑኤል ተመልሷል እንበል። የድንች ዘር የሚፈልጉ ገበሬዎችን ዘር ካላቸው ገበሬዎች ጋር በስልክ የሚያገናኝ ቀላል ነገር ሠርቷል። ይሠራል፤ ሰው ይጠቀምበታል። ማደግ የሚችል ሥራ ነው። በፈረንጆቹ ትርጉም እሱ መሥራች ነው፤ ከሥር እስከ ጫፍ መሥራች።

የመሥራች ቪዛ ሲጠይቅ ምን ይገጥመዋል?

አንደኛ፣ ‹‹የደንበኞችህን ዕድገት አሳይ›› ይሉታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የተቋረጠውም ለቀናት አልነበረም፣ ለወራት ነው። የእሱ የዕድገት ግራፍ እዚያ ላይ ዜሮ ነው። ለንደን ወይም ቶሮንቶ ያለው ገምጋሚ ዜሮውን ሲያይ ‹‹ሥራው ሞቷል›› ይላል። ሥራው አልሞተም፤ ኔትወርኩ ነው የሞተው።

ሁለተኛ፣ ካፒታል። ከኢትዮጵያ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ካፒታል ወደ ውጭ ማውጣት አይቻልም። ብሪታንያ ከ2019 እስከ 2023 ስትጠይቀው የነበረውን 50 ሺህ ፓውንድ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ወጣት እንዴት ያቅርብ? ወይ ውጭ አገር ሀብታም ዘመድ ይኑረው፣ ወይ በጥቁር ገበያ ይላክ። ሕጋዊ ቪዛ ለማግኘት መጀመሪያ ሕግ እንዲጥስ ተጠየቀ ማለት ነው። ሕግ ማክበር የፈለገው ቀረ፤ መጣስ የለመደው አለፈ። ይህ ማጣሪያ ማንን ነው የሚያጣራው?

ሦስተኛ፣ ፓስፖርቱ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የአጭር ጊዜ ቪዛ አጠበቀ። የተለመደው የ15 ቀን መልስ ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። ምክንያቱ? ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎቻችንን ለመመለስ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ልጃችን አውሮፓን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የቅጣቱ ተካፋይ ግን ነው። ባለሀብት ለማግኘት በርሊን ወይም ፓሪስ ለሦስት ቀን ስብሰባ ሊሄድ ቢፈልግ በማያውቃቸው ሰዎች ዕዳ ይጠየቃል።

በዚህ መሐል ያ ‹‹ሐሳብ እኛ ጋ ሞልቷል›› የሚል ሰውዬ ብቅ ይላል። አባትየው ባሕር ዛፉን ቆርጦ ይሸጣል፣ በሬው ይከተላል፣ አዲስ አበባ ያለች እህት ዕቁቧን ታወጣለች። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

‹‹ምን አገባሽ?››

ይህን ስጽፍ የሚመጣብኝን አውቃለሁ። አንዱ ወዳጄ አስቀድሞ ነግሮኛል፦ ‹‹እህቴ፣ ልጁ ከዚህ መከራ በየትም በየትም ይውጣበት። በመተማ ከሚሄድ፣ በጅቡቲ በጀልባ ከሚሰጥም፣ የወረቀት ኩባንያ ይዞ በአውሮፕላን ቢሄድ ምን አለበት? አንቺ የፈረንጅ ዘበኛ ነሽ?››

ክርክሩ ከባድ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ሞት ሸሽቶ የሚሄድን ሰው በምን ወረቀት ሄድክ ብዬ የምፈርድበት አፍ የለኝም። ሸሽቶ ለሚሄድ የጥገኝነት ሕግ አለ፤ ያ በር ጠበበ ብዬ አብሬው እጮሃለሁ። ግን የወረቀት ኩባንያው ገበያ እኮ እሱን አያወጣውም! ዋጋውን አይችለውም። በዚህ ገበያ የሚወጣው ያለው ነው፤ ቢቀርም የማይሞተው። የሌለው ቢሸጥ ቢለውጥ ቅድሚያውን ከፍሎ ‹‹ፕሮሰስ ላይ ነው›› ሲባል የሚከርም ነው። ‹‹ለድሃው ብለን ዝም እንበል›› የምትሉ፣ ዝምታችሁ የሚጠቅመው ደላላውን ነው።

ሌላው ደግሞ ከወዲያ ወገን ይነሳል፦ ‹‹እንዲያውም ይህ ቪዛ ቢዘጋ ደስታዬ ነው፤ አገር የሚያስፈልጋትን ጭንቅላት እየመጠጠ ነው››። ወንድሜ፣ ጭንቅላቱን ስትፈልገው ምን ሰጠኸው? የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ሲቋቋም አጨብጭበናል። ከዚያ ምን አየን? ብድሩን ለመካፈል ብቻ የተቋቋሙ የስም ማኅበራትን። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ማኅተም፤ ሥራ ብቻ የለም። ብድሩ ሲከፋፈል ማኅበሩ ፈረሰ። ያም የወረቀት ኩባንያ ነው! ካናዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከቀረጥ ነፃ መኪና ለማስገባት የወጣ የኢንቨስትመንት ፈቃድና ታጥሮ ሣር የበቀለበት የኢንቨስትመንት መሬት የትኛው ከተማ የለም?

እኛም ብንሆን በራችንን የምንሸጠው በገንዘብ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ አንድ የውጭ ባለሀብት በአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር ከሆነ 150 ሺህ ዶላር እንዲያመጣ ይጠበቅ ነበር። ግሩም ሐሳብ ያለው የናይሮቢ ወይም የካርቱም ወጣት ይህን ከየት ያመጣል? አያመጣም። ስለዚህ ወይ ይቀራል፣ ወይ ኢትዮጵያዊ ስም ይከራይና በሰው ንግድ ፈቃድ ይሠራል። የስም ኪራይ፣ የወረቀት ሙሽራ፣ የወረቀት ኩባንያ… ስሙ ይለያይ እንጂ እናታቸው አንድ ናት፦ ገንዘብን እንደ ዋስ መቁጠር።

እና ምን ይሁን?

መዝጋት መፍትሔ አይደለም። ገበያ ውስጥ ሐሰተኛ ቅቤ ስለተሸጠ ላም አይታረድም። የሚያስፈልገው ዋሱን ዋስ ማድረግ ነው።

በሩን የሚከፍቱት አገሮች፦ ደጋፊ ተብሎ የተሰየመ ተቋም ከአመልካቹ ምንም ገንዘብ አይቀበል። ወጪውን መንግሥት ይሸፍንለት፣ ወይም ራሱ በኩባንያው ላይ ገንዘብ ያፍስስና ከኩባንያው ጋር ይነሣ ይውደቅ። ማንን እንደደገፈ፣ የደገፋቸውም ምን እንደደረሱ በየዓመቱ በስም ሳይሆን በቁጥር ያሳውቅ። ከደገፋቸው ብዙዎቹ ቪዛ በተገኘ ማግስት ሥራ የተዉ ከሆኑ ዋስ የመሆን መብቱን ይነጠቅ። መክሰር አያስቀጣ፤ አለመጀመር ግን ያስጠይቅ። ማስረጃውም ሥራው ካለበት ቦታ ይወሰድ። ልጁ አማኑኤል ላይ ሁለት መቶ ገበሬ ደንበኛ ካለው የቴሌብር መዝገቡ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ደብዳቤ፣ የገበሬዎቹ ምስክርነት ከአንድ የለንደን ኢንኩቤተር ፈገግታ ይበልጣል። የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ!

የእኛ መንግሥት፦ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ኤጀንሲ በዝግ ሂሳብ የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዝ አዝዟል። ልጅቷ ብትበደል የምትካስበት ማለት ነው። አፈጻጸሙ ላይ ብዙ የሚባል ቢኖርም መርሁ ትክክል ነው። ያ አዋጅ የሚናገረው ግን ስለ ቅጥር ነው። ‹‹መሥራች ሆነህ ትሄዳለህ›› የሚልህ ቢሮ ቀጣሪ አላገናኘህም፤ ስለዚህ ‹‹አማካሪ›› ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ቪዛ አማክራለሁ ብሎ ከሰው ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ እንደዚያው ዋስትና ያስይዝ። ያልተፈጸመ ቃል ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ ይኑረው። የሚላኩት የቤት ሠራተኞች ያገኙትን ጥበቃ ላፕቶፕ የያዘው ለምን ያጣል?

አንተና አንቺ ደግሞ፦ የመሥራች ቪዛ የሚሰጡ አገሮች እነማንን ደጋፊ አድርገው እንደሰየሙ በመንግሥታቸው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይለጥፋሉ። ስሙ እዚያ የሌለ ሰው ደብዳቤ ሊያሰጥህ አይችልም። ስሙ ያለውም ቢሆን ‹‹ሥራህ ምንድን ነው?›› ከማለቱ በፊት ‹‹ስንት አለህ?›› ካለህ ተነሥና ውጣ። ሐሳብ ላከራይህ የሚልህ ሰው ነገ ያንኑ ሐሳብ ለሌላ አምስት ሰው ያከራየዋል፤ ኢንተርቪው ላይ ስድስታችሁም አንድ ዓይነት ‹‹ፒች›› ስታነበንቡ የምትያዘው አንተ ነህ፣ እሱ አይደለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ያንተን ግን ያገርህ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ ማንም አማካሪ ዘንድ ከመሄድህ በፊት አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ። ሳልከፍለው ስለ ሥራዬ ዋስ የሚሆን አንድ ሰው አለኝ? አንድ ደንበኛ፣ አንድ ገበሬ፣ አንዲት ባለሱቅ? ካለህ ሥራ አለህ፤ በሩ አንድ ቀን ይከፈታል፣ እኛም እንዲከፈት አብረን እንጮሃለን። ከሌለህ ግን የአባትህን ባሕር ዛፍ አታስቆርጥ።